የገደሉ መንገድ ደጃዝማች

የባሕር ዳር መንደር ሁሉ አንድ ነው። ባሕሩን የፈጠረው እግዚአብሔር ይሁን እንጂ የሚያስተዳድረው ከሌላ አገር የመጣ ጡረተኛ ነው። የማያምን ካለ፣ ገደልና የአሸዋ ዳርቻ ወዳለበት ሰፈር አንድ ጠዋት ብቅ ይበልና ይሞክረው። ጫማውን ገና ጭቃ ሳይነካው፣ እጁን ወደ ኋላ ያጣመረ ሰው ከአጥር ጀርባ ይነሣና "በዚህ ጫማ ነው የሚሄዱት?" ይለዋል። ያ ሰው እሱ ነው። ስሙ በየአገሩ ይለያያል፤ ጥያቄው ግን አይለወጥም።

በዌልስ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ ላለችው ለፖርዝ ሄሊን የደረሳት ሚስተር ሌዝሊ ፐርስሎው ነው። ሹመት የሚያውቅ ሰው ቢያየው ደጃዝማች ብሎ ይጠራው ነበር፤ ዘመቻው ሁሉ ከደጁ አያልፍምና። እኛም ደጃዝማች እንለዋለን።

ስለ ደጃዝማች ከማንም አብልጣ የምታውቀው ኔሪስ ናት። ኔሪስ እዚያው መንደር ተወልዳ፣ እዚያው ተድራ፣ ባሏን እዚያው የቀበረች ሴት ናት። ከገደሉ ሥር፣ አሸዋው ላይ፣ አንዲት የእንጨት ጎጆ አለቻት፤ ሻይና ዘቢብ የበዛበት ዳቦ ትሸጥባታለች። በገደሉ አፋፍ የሚመጣው የእግር መንገድ በደጃዝማች ቤት ፊት ያልፍና ቁልቁል ወርዶ የኔሪስ ጎጆ በር ላይ ይደርሳል። ስለዚህ መንገደኛ ሁሉ መጀመሪያ በደጃዝማች እጅ ያልፋል፤ ከዚያ ኔሪስ ትቀበለዋለች። እሱ ያቆስላል፣ እሷ ታክማለች።

ደጃዝማች ከሚስቱ ከሂላሪ ጋር ከበርሚንግሃም ነው የመጣው። ዕድሜውን የጨረሰው ለአንድ ኢንሹራንስ ድርጅት የተቃጠለ ቤትና የተጨፈለቀ መኪና እየዞረ ጉዳት ሲገምት ነው። ከዚህ የተነሣ ማንኛውንም ነገር ሲያይ መጀመሪያ የሚታየው እንዴት እንደሚበላሽ ነው። ሌላው ሰው የፀሐይ መጥለቂያ ሲያይ እሱ የሚያዳልጥ ድንጋይ ያያል።

በመጣ በሳምንቱ ወደ ኔሪስ ጎጆ ወረደ። ሻይ አላዘዘም።

"እነዚህን ወፎች የሚመለከተው ማን ነው?" አላት።

"የትኞቹን?"

"ነጮቹን። ጎህ ሳይቀድ ጣሪያዬ ላይ ወጥተው ይጮኻሉ።"

"የሚመለከተውስ እግዚአብሔርን ነው፤" አለችው ኔሪስ ኩባያ እያደረቀች። "ግን እዚህ አገር እሱ የሚገኘው እሁድ እሁድ ብቻ ነው።"

ደጃዝማች አልሳቀም። "ሌላ ተጠሪ የለም?" ብሎ ጠየቀ።

በቀጣዩ ሳምንት የኔሪስ ወንድም ኢድዋል ተራው ደረሰው። ኢድዋል ከመንደሩ በላይ ባለው ኮረብታ ላሞች የሚያረባ፣ በቀን ከሃያ ቃል በላይ ማውጣት እንደ ብክነት የሚቆጥር ገበሬ ነው። ማሳው ላይ ፍግ ሲበትን ደጃዝማች አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ አጥሩ ላይ ቆመ።

"በክፉ አትየኝ እንጂ፣ ይህ ሽታ መቼ ነው የሚያበቃው?"

"ላሞቹ ሲያበቁ፤" አለ ኢድዋል፣ ትራክተሩንም ሳያጠፋ አለፈ።

"በክፉ አትዩኝ እንጂ" የደጃዝማች መግቢያ ጸሎት ነው። ያቺን ሐረግ የሰማ የመንደሩ ሰው ኮቱን መቆለፍ ይጀምራል፤ ከኋላዋ ምንጊዜም ዝናብ አለ።

እንግዲህ አንዳንድ እንግዳ ይማርራል፣ ዕቃውን ሸክፎ ይሄዳል። ደጃዝማች ግን የባሰውን አደረገ። የአገር ሰው ሆነ። የዓሣ አጥማጆቹን ወፍራም ሰማያዊ ሹራብ ገዝቶ ለበሰ፤ ጀልባ ላይ ሲወጣ ገና ገመዱ ሳይፈታ የሚያስመልሰው ሰው ነው። የባሕሩን መሙያና መጉደያ ሰዓት በቃሉ አጠና፤ ሳይጠይቁት ይነግራል። የማታ ትምህርት ገብቶ የአገሩን ቋንቋ ዌልሽኛ ተማረ፤ ያስተማረው የደቡብ ሰው ስለነበረ ሰሜኖቹ የሚናገሩት ሁሉ ስሕተት መሰለው። አንድ ቀን ኔሪስ ወተት ስትለው አቋረጣትና ቃሉ እንደዚያ እንደማይባል አስረዳት። ወተት የሚለውን ቃል ከእናቷ ጡት ጋር የተማረች ሴት፣ እዚያው የራሷ ባንኮኒ ላይ ታረመች። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይሉ የለ? ኔሪስ ግን ወተቱን አላቀረበችለትም። ያን ዕለት ሻዩን ባዶውን ጠጣ።

ብዙም ሳይቆይ "እኛ የዚህ አገር ሰዎች" ማለት ጀመረ። "እኛ የዚህ አገር ሰዎች በዚህ ወር አንዋኝም።" "እኛ የዚህ አገር ሰዎች መኪና እዚያ አናቆምም።" ይህን የሚለው ብዙውን ጊዜ ለመንደሩ ተወላጆች ነው።

ዋናው ግዛቱ ግን ደጁ ነው። ጠዋት ቁርሱን እንደጨረሰ ይወጣና በአጥሩ በር ላይ ሁለት ክንዱን ያስደግፋል። ውሻ ሳያስር የመጣ ይገሠጻል። ውሻ አስሮ የመጣ ማሰሪያው ረዝሟል ይባላል። ልጅ በትከሻው የተሸከመ አባት ስለ ንፋስ ይመከራል። ለሽርሽር የመጡ መነኮሳት ስለ ቀሚሳቸው ርዝመት ማብራሪያ ሰምተው ሲወርዱ፣ ትልቋ መነኩሲት ኔሪስ ዘንድ ተቀምጣ፣ "ሃያ ዓመት ሙሉ ለትዕግሥት ስጸልይ ኖሬ ዛሬ መልሱን በአካል አገኘሁት" አለች።

ማስታወቂያም ሰቀለ። "ገደሉ ገደል ነው" የሚል አንድ፣ "እዚህ ቆሞ ማየት መንገድ ይዘጋል" የሚል አንድ። ከሁሉም ኔሪስን ያሳቃት አፋፉ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ጀርባ ላይ የለጠፈው ነው፤ "ለአጭር ጊዜ መቀመጫ ብቻ" ይላል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የልቡ ቁስል ሌላ ነበር። ደጃዝማች ያንን ቤት ሲገዛ፣ ባሕሩ ወለል ብሎ እንዲታየው ብሎ የፊቱን ግድግዳ ከጫፍ ጫፍ አፍርሶ መስተዋት አድርጎታል። መስተዋት ደግሞ የአንድ ወገን ባለሟል አይደለም። እሱ ባሕሩን ሲያይ፣ በመካከል የሚያልፈው መንገደኛ ደግሞ እሱን ያያል።

"እንቁላሌን ስበላ ያዩኛል፤" ብሎ ለኢድዋል አማረረ። "አንዳንዶቹ ሰላም ይሉኛል።"

"መጋረጃ የሚባል ነገር አለ፤" አለ ኢድዋል።

"መጋረጃ ብሰቅል ባሕሩን አላየውም እኮ።"

"እነሱም አንተን አያዩህም።"

"ባሕሩን ለማየት ነው የመጣሁት።"

"እነሱም እንደዚያው፤" አለ ኢድዋል። የዚያን ቀን ቃሉ አልቆ ስለነበር ሌላ አልጨመረም።

ለካ ደጃዝማች ቀን እየጠበቀ ኖሯል። በአንድ ክረምት ከባድ ወጀብ መጣና ገደሉን ከጥግ ቆረሰው። የተቆረሰው ከደጃዝማች አጥር አለፍ ብሎ፣ የአንድ ፍራሽ ስፋት ያህል ቦታ ነው። የመንደሩ ሰው አይቶ ከንፈሩን መጠጠ፣ ወደ ሥራው ሄደ። ገደል ከተፈጠረ ጀምሮ ሲቆረስ ነው የኖረው። ደጃዝማች ግን ዕድሜ ልኩን የተማረው ሙያ እዚህ ጋ አገለገለው። መሬቱን ለካ፤ ፎቶ አነሣ፤ ወረዳ ድረስ ሄዶ ደጅ ጠና። ቀስ እያለ፣ በእሱ ወረቀት ላይ፣ የፍራሽ ስፋት የነበረው የማሳ ስፋት ሆነ።

ጉዳዩ በጸሎት ቤቱ አዳራሽ ለሕዝብ ቀረበ። ከወረዳ የመጣች አንዲት መሐንዲስ ከፊት ተቀምጣለች። ደጃዝማች በሰማያዊ ሹራቡ ተነሣና ስለ ሕዝብ ደኅንነት ተናገረ። መንገዱ ከአፋፉ ተነሥቶ ከጀርባ በኢድዋል ማሳ በኩል በኮረብታው ላይ ይዙር አለ። ሲናገር ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ዓመታት ሙሉ ከደጁ ሲያባርራቸው ለነበሩ ሰዎች ሕይወት እንዲህ የተጨነቀ ሰው ከዚያ በፊት አልታየም።

ኔሪስ ተነሣች። ንግግር አታውቅም። "በኮረብታው ከዞረ የሚወርደው ሌላኛው ዳርቻ ላይ ነው፤" አለች። "ወደኔ የሚመጣ ሰው አይኖርም። ጎጆዋ ትዘጋለች ማለት ነው።"

ደጃዝማች ወደ እርሷ ዞር ብሎ በደግ ፊት ፈገግ አለ። "በክፉ አይዩኝ እንጂ ወይዘሮ ኔሪስ፣ ሻይ የትም ይጠጣል።"

ኔሪስ የሰው ዓይን ሁሉ እሷ ላይ እንዳለ ተሰማትና ተቀመጠች። ወንድሟን አየችው። ኢድዋል ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ጫፉን ይዳብሳል። ማሳው የእሱ ነው፤ አይሆንም ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። መሐንዲሷ ፈቃዱን ስትጠይቀው ግን፣ "ላሞቼ ሰው አይጠሉም" ብሎ ቁጭ አለ።

ወደ ቤት አብረው ተመለሱ። በሯ ላይ ሲደርሱ ኔሪስ መቻል አቃታት።

"ምነው ወንድሜ? አንድ ቃል እኮ ነበር የጠፋብህ።"

"ሰው ከገደል ቢወድቅ በኔ ይሆናል ብዬ ነው።"

"ማን ወድቆ ያውቃል?"

ኢድዋል አሰበ። "ማንም፤" አለ፣ ጥፋቱም ያኔ ገባው።

መንገዱ "እስኪጣራ ድረስ" ተብሎ ተዘጋ። በመንግሥት አፍ እስኪጣራ ማለት የጠየቀው ሰው እስኪያረጅ ማለት ነው። እዚያ አገር በጋ የሚሆነው በሰኔና በሐምሌ ነው፤ በጋው መጣ፤ ኔሪስ እንደ ልማዷ ዳቦዋን ጋገረች፣ ማንቆርቆሪያዋን ጣደች፣ ወንበሮቿን አሸዋው ላይ ደረደረች፣ ተቀመጠች። ባሕሩ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሰው የለም። በኮረብታው ጫፍ ላይ መንገደኞቹ እንደ ጉንዳን ተሰልፈው ወደ ሌላኛው ዳርቻ ሲያልፉ ይታዩዋታል። ማታ ዳቦውን ለኢድዋል ዶሮዎች ትሰጣለች። ዶሮዎቹ ወፈሩ።

አንድ ቀን ደጃዝማች ራሱ ወረደ። ባዶውን ዳርቻ በፍቅር ዓይን ቃኘና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ያምራል አይደል እንዲህ ጸጥ ሲል? አንድ ሻይ ከዳቦ ጋር ይስጡኝ።"

"ዳቦ አልቋል፤" አለችው ኔሪስ። ዳቦው በመካከላቸው፣ በመስተዋት ክዳኑ ሥር፣ ሳይቆረስ ተቀምጧል። ደጃዝማች ዳቦውን አየው፣ እሷን አየ። ሻዩን ብቻ ጠጥቶ ወጣ። ኔሪስ ኩባያውን ሁለት ጊዜ አጠበችው። ደስ ይላታል ብላ የጠበቀችው ነገር ደስ አላላትም።

ነገሩ የተገለበጠው ከዚያ በኋላ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ደጃዝማች ጸጥታ ሲያገኝ ሥራውን አጣ። መጀመሪያ ሰሞን እንቁላሉን ማንም ሳያየው በላ፤ ደስ አለው። ከዚያ እንደ ልማዱ ወደ አጥሩ በር ወጣና ክንዱን አስደገፈ። ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ። አንድ ጥንቸል አለፈ። ጥንቸል ደግሞ ምክር አይሰማም።

በነሐሴ አጋማሽ ሂላሪ ወደ ጎጆዋ መጣች። ሂላሪ ዝምተኛና ትሑት ሴት ናት፤ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ለመኖር የግድ ነው። ሻዩን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች።

"ኔሪስ፣" አለች፣ "እባክሽ መንገደኞቹን መልሽልኝ።"

"ምን ሆንሽ?"

"ሌዝሊ እኔ ላይ ጀምሯል።"

ኔሪስ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ትናንት ወጥ ቤት ስገባ በግራ በኩል ያዢ አለኝ፤" አለች ሂላሪ። "ልብስ ለማስጣት ስወጣ ባሕሩ በስንት ሰዓት እንደሚሞላ ነገረኝ። የልብስ ማስጫው እኮ ገደሉ አናት ላይ ነው። ደረጃው ላይ ማስታወቂያ ለጥፏል።"

"ምን የሚል?"

ሂላሪ ዓይኗን ሰበረች። "'ደረጃ ነው' ይላል።"

ኔሪስ መሳቅ አልፈለገችም። ሂላሪ ግን ራሷ ቀድማት ሳቀች፣ ከዚያ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሲያበቁ ሂላሪ ፊቷን ጠራርጋ፣ "ማታ ማታ ዝም ይላል፤" አለች ቀስ ብላ። "እሱ ነው የሚያስፈራኝ።"

ሁለተኛው አቤት ባይ ኢድዋል ነበር። ከጸሎት ቤቱ ስብሰባ በኋላ እኅቱን ለማየት ስለሚያፍር ወደ ጎጆዋ እምብዛም አይመጣም ነበር፤ ያን ቀን ግን ትራክተሩን አሸዋው ድረስ ነድቶ ወረደ።

"ሰውዬሽ ማሳዬ ውስጥ ነው፤" አላት።

"የቱ ሰውዬዬ?"

"ታጣፊ ወንበርና ፔርሙስ ይዞ በየጠዋቱ ይወጣል። መንገደኛው በሚገባበት በር ላይ ቁጭ ይላል።"

"እና ይገሥጻቸዋል?"

"እነሱንስ ይገሥጽ።" ኢድዋል ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ ደፋ። "ዛሬ በሩን ስዘጋ ጠበቀኝና፣ 'በክፉ አትየኝ እንጂ እንደዚህ አይደለም የሚዘጋው' አለኝ። አያቴ የተከለውን በር። ላሞቹን በአንድ መስመር ሂዱ ይላቸዋል።"

"ሄዱለት?"

"እሱ ነው የገረመኝ፤" አለ ኢድዋል። "ሄዱለት።"

ኔሪስ ያን ዕለት ጎጆዋን ቀደም ብላ ዘጋችና ለመሐንዲሷ ስልክ ደወለች። መሐንዲሷ ትሑት ሴት ነበረች፣ ጉዳዩንም አልረሳችውም። መንገዱ እንደ ድሮው በአፋፉ ጫፍ መሄድ አይችልም አለች፤ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ቢል ግን መሬቱ ጽኑ ነው። ችግሩ፣ ወደ ውስጥ ገባ ማለት የሚስተር ፐርስሎውን የአትክልት ቦታ መቁረስ ነው። በመስኮታቸው ሥር ነው የሚያልፈው። ያለ እሳቸው ፈቃድ አይሆንም።

"በመስኮታቸው ሥር?" አለች ኔሪስ።

"በጣም ቅርብ ነው። መንገደኞቹ ሹካቸውን ሊያቀብሏቸው ይችላሉ።"

በማግስቱ ኔሪስ ገደሉን ወጣች። ከስብሰባው ወዲህ ያንን ደጅ ረግጣው አታውቅም። መለመን ሞት መሰላት፤ መንገዱን ሁሉ የምትለውን ስታሰላስል ወጣች። ደጃዝማች ከኮረብታው ተመልሶ በአጥሩ በር ቆሟል። ሹራቡ ሰፍቶታል። ሲያያት ጫማዋን ተመለከተ፣ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ያኔ ነው ኔሪስ ያዘነችለት። ደጃዝማች ፐርስሎው የሰው ጫማ አይቶ ዝም ሲል ማየት፣ ምላሱን የተቆረጠ ሰው እንደ ማየት ነው።

"ሚስተር ፐርስሎው፣" አለች፣ "አንድ ነገር ላማክርዎት ነው የመጣሁት።"

ከፖርዝ ሄሊን ሰው ደጃዝማችን ያማከረው አልነበረም። ምክሩን ሁሉ የሚሰጠው ሳይጠየቅ ነው። ጀርባውን ቀና አደረገ።

"መንገደኞቹ ኮረብታው ላይ ችግር ላይ ናቸው፤" አለች ኔሪስ። "ወንድሜ ዝም ይላል፣ ያውቁታል። እርስዎ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እዚያ ማሳ ላይ ሊቀመጡ አይችሉም፤ ለጤናዎም ጥሩ አይደለም። ሰው የሚያያቸው የለም።"

"ብዬ ነበር፤" አለ ደጃዝማች፣ ምንም አላለም እንጂ። "በዚያ ሣር ላይ ትናንት አንዱ በነጠላ ጫማ..."

"መሐንዲሷ መንገዱ መመለስ ይችላል ትላለች። ግን በእርስዎ አትክልት በኩል ነው።" ኔሪስ እጇን ዘርግታ አሳየችው። "በዚህ። በመስኮቱ ሥር።"

ደጃዝማች ሣሩን አየ። መስኮቱን አየ። ሚስቱ በመስተዋቱ ውስጥ ሰሐን ይዛ ቆማ ታያቸዋለች። ለአፍታ የኢንሹራንስ ሰውነቱ ተመልሶ ጉዳቱን ሲገምት ኔሪስ ታዘበች፤ የተረገጠው ሣር፣ የሚያዩት ዓይኖች፣ የሚሰሙት ጫጫታ።

"እንቁላልዎን ሲበሉ ያዩዎታል፤" አለች ሳትደብቅ። ልታታልለው አልመጣችም።

"እኔም አያቸዋለሁ፤" አለ ደጃዝማች።

የአጥሩን በር ከፈተላት። "በዚያ ስብሰባ ላይ ስለ ሻይ አንድ ነገር ተናግሬ ነበር።"

"አዎ።"

"ትክክል አልነበረም። ሌላኛው ዳርቻ ላይ ያለውን ሻይ ቀመስኩት።" ፊቱ ቀላ። "ውኃ ነው።"

ከደጃዝማች አፍ ከዚህ የበለጠ ይቅርታ የሚጠብቅ ሰው ከድንጋይ ወተት ይጠብቅ። ኔሪስ ተቀበለችው።

መንገዱ በመስከረም ተከፈተ። ከወረዳ ሰዎች መጡ፤ ሪባን ተቆረጠ። ደጃዝማችም ንግግር አደረገ። "እኛ የዚህ አገር ሰዎች" ብሎ ጀመረና ጥንታዊው የአባቶቻችን መንገድ በቢሮ ሰዎች ቸልተኝነት እንዴት ሊጠፋ እንደነበረ፣ እሱ ግን የገዛ አትክልቱን ቆርሶ እንዴት እንዳዳነው ተረከ። መሐንዲሷ አፏን ከፍታ ቀረች። የመንደሩ ሰው አንዱም ሳይስቅ አጨበጨበ። ኢድዋል ብቻ ጎንበስ ብሎ ለእኅቱ፣ "ማሳዬን ስለ ለቀቀልኝ ነው እንጂ አላጨበጭብም ነበር" አላት።

ከዚያ ወዲህ መንገደኛ በደጃዝማች መስኮት ሥር ሲያልፍ እሱ ከቁርሱ ሳይነሣ፣ መስተዋቱን ገርበብ አድርጎ፣ በማንኪያው እየጠቆመ ይገሥጻል። ሰዎቹ ተናደው፣ ፊታቸው ቀልቶ ጎጆዋ ድረስ ይወርዳሉ። ኔሪስም ከዚህ በፊት ያላስተዋለችውን ነገር አስተዋለች። በሰላም የመጣ ሰው አንድ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። በደጃዝማች እጅ ያለፈ ሰው ግን አንዱን ሻይ በንዴት ይጠጣል፣ ሁለተኛውን እያወራ፤ ከጎኑ ያለው የማያውቀው ሰውም "እኔንም፣ እኔንም!" ይልና ወንበሩን ያስጠጋል። ያ ዳርቻ እንዲያ የሞቀው በባሕሩ ውበት ብቻ አልነበረም።

በቀጣዩ ዓመት የካቲት ላይ ደጃዝማች ወጥ ቤቱ ውስጥ ተንሸራትቶ የዳሌ አጥንቱ ተሰበረ። ከተማ ሆስፒታል ገብቶ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ሂላሪ ለኔሪስ እንደ ነገረቻት፣ ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገናው ደኅና ሄዷል ይላሉ፤ እሱ ግን ምግብ አይበላም፣ ለመራመድ እንዲሞክር ሲነግሩት ፊቱን ያዞራል። ነርሶቹን እንኳ አይገሥጽም።

"ሂላሪ ምን አለች?" አለ ኢድዋል።

"ነርሶቹን አይገሥጽም አለች።"

ኢድዋል የመኪናውን ቁልፍ አነሣ።

ኔሪስ ብቻዋን ነበር ወደ ክፍሉ የገባችው። ደጃዝማች ያለ ሹራቡ፣ በሆስፒታል ነጭ ልብስ፣ ትራሱ ላይ ትንሽ ሆኖ ተኝቷል። ከአንገቱ በታች ማን እንደሆነ አይታወቅም።

"እንዴት ሆኑ?"

"ይኸው።" ዓይኑን አልገለጠም። "ዳርቻው እንዴት ነው?"

ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ ነበር። ኔሪስ ጎጆዋን እንኳ አልከፈተችም። በአፋፉ መንገድ ላይ ከኢድዋል ውሻ በስተቀር ያለፈ ፍጡር የለም፤ እሱም ወዲያው ተመልሷል።

"ተዉኝ እስቲ፤" አለች ኔሪስ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ። "ጉድ ነው ያለው።"

አንድ ዓይኑ ተገለጠ። "ምን?"

"ሰው ነዋ። ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። ውሻውን ሁሉ ለቀውታል። ትናንት አንዲት ሴት በተረከዘ ረጅም ጫማ አፋፉ ላይ ቆማ ፎቶ ትነሣለች።"

"አፋፉ ላይ?"

"ጫፉ ላይ። ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጥታ።"

ሁለተኛው ዓይን ተገለጠ። "ባሕሩ ሞልቶ ነበር?"

"እየሞላ ነበር።"

"ማንም ምንም አላላትም?"

"ማን ይበላት?" አለች ኔሪስ። "እኔ ከሥር ነኝ። ወንድሜን ያውቁታል። አንድ ቤተሰብ ደግሞ ወንበሩ ላይ ምሳውን ዘርግቶ ከጠዋት እስከ ማታ ሲቀመጥ ዋለ።"

ደጃዝማች በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። ጉንጩ ላይ ደም መጣ። "ይህ ሊሆን አይችልም፤" አለ። "ያቺን ነርስ ይጥሩልኝ። ያቺን፣ መራመጃውን በር ላይ የምታቆመዋን። እዚያ አይቆምም፤ ሰው ያደናቅፋል። ብያት አላውቅም እንጂ አይቼዋለሁ።" ከዚያ ወደ ኔሪስ ዞረና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "በርቱ። እስክመጣ ድረስ እንደምንም ያዙት።"

"እንሞክራለን፤" አለች።

ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ድምፁ ተከተላት፤ ነርሷን ስለ ጎማ ጫማዋ እየጠየቃት ነበር። ሂላሪ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ስትሰማ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች።

መኪናው ውስጥ ኢድዋል የመስተዋቱን መጥረጊያ አስነሣ። ዝናቡ አልቆመም።

"እንዴት ነው?"

"ይድናል።"

"ምን አልሽው?"

ኔሪስ የነገረችውን ሁሉ ነገረችው፤ ውሾቹን፣ ሴትዮዋን፣ በወንበሩ ላይ ምሳውን የዘረጋውን ቤተሰብ። ኢድዋል እያዳመጠ ከሆስፒታሉ ግቢ ወጣ፣ ድልድዩን ተሻገረ፣ የባሕሩን መንገድ ያዘ።

"አይ እቴ፣" አለ በመጨረሻ፣ "ያን ሰውዬ እኮ ወደሽዋል።"

"ዝም ብለህ ንዳ፤" አለችው ኔሪስ።